የሰኔ 30 የሂሳብ መዝጊያ ደረሰ፤ ከድራፍትና ከሌሊት ምግብ ሌላ ውጥረትን በምን እናብርደው?

ሰባት ወንበር

ሰላም ለቤቱ። የአንድ የንግድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል፣ ሰባት ሰው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ወር ምን እንደሚመስል የሂሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ የዕቃ ቆጠራ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ ኦዲተሩ ደግሞ በር ላይ። በዚህ ወር ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ወንዶቹ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ድራፍት። እኛ ሴቶቹ ቤት ገብተን ከእራት በኋላ ሌላ እራት፣ በላዩ ቆሎ፣ በላዩ ብስኩት፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት።

«ጸልዩ፣ እረፉ፣ አትጨናነቁ» የሚለውን ተቀብለናል፣ አሜን። የምንፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ወንበር ላይ ወይም ደረጃ ላይ የሚሠራ ይሁን፣ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ፣ ሲበላሽ ለምን እንደሚበላሽ በቁጥር ይነገረን። ጂም ግቡ አትበሉን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከቢሮ የሚወጣ ሰው ታክሲ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው።

ነጭ ጋውን (የአእምሮ ጤና ነርስ)

እህቴ፣ ሁለቱን ቡድኖች አትለያዪአቸው። ድራፍት የሚጠጣውም ሌሊት የሚበላውም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የተወጠረ ሰውነት ማታ የሚያረግበው ነገር ይፈልጋል፤ እጁ ላይ ቀድሞ የደረሰውን ይወስዳል። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚለቀቀው አድሬናሊን ነው፤ ልብ ያስመታል፣ ረሃብ ያጠፋል። ኦዲተር ፊት ለፊት ተቀምጦ ምሳ የማይታወሰው ለዚህ ነው። ውጥረቱ ለሰዓታት ሲቆይ ግን ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞን ከፍ እንዳለ ይከርማል፤ እሱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያውም የጣፋጭና የቅባት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጎመን ትዝ የሚለው ሰው የለም።

መጠጡም እንዲሁ ያታልላል። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን መሥመር ለጊዜው ያግዘዋል፤ ከሰውነት ሲወጣ ግን አንጎል በተራው ከልክ በላይ ይነቃል። ቁጥር ስለምትወዱ፦ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው የሚያስወግደው። ሦስት ጠርሙስ 39 ግራም፤ ለማጣራት ከ4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል። ማታ 3 ሰዓት የጨረሰ ሰው ደሙ የሚጠራው ከሌሊቱ 7 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ልቡ እየመታ፣ አፉ ደርቆ ይነቃል፤ ያልገጠመውን ባላንስም ያን ጊዜ ያስታውሰዋል። በጃምቦ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ይከፋል፤ ብርጭቆው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስንት እንደጠጡ ራሱ አይታወቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ፍላጎቱ ሲመጣ መጀመሪያ መለየት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ትናንት የተሠራ ሽሮ በቀዘቀዘ እንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ረሃብ ነው፤ ብሉ፣ ያለ ጸጸት። ብስኩት ወይም ቦምቦሊኖ ብቻ ከሆነ የሚታያችሁ፣ ውጥረት ነው። ቢራ ከሆነ ደግሞ አራት ነገር ጠይቁ፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቸኝነት ነው? ደክሞኛል? አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ይወጣል፤ መድኃኒቱም የየራሱ ነው። የደከመው ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፣ ጃምቦ አይደለም።

ውጥረት መሆኑ ከተለየ በኋላ እስትንፋስ። ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ ሁለት እግር መሬት ላይ፣ አንድ እጅ ከእምብርት በላይ። ቀበቶ የሚያጠብቅ ሰው አንድ ቀዳዳ ያላላው፤ ሆድ ካልተነፋ አይሠራም። በአፍንጫ 4 እየተቆጠረ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ 6 እየተቆጠረ ወደ ውጭ። አንድ ዙር 10 ሰከንድ፣ በደቂቃ 6 ዙር። ለ5 ደቂቃ 30 ዙር ይሆናል። ወደ ውጭ የሚወጣው ረዘም ማለቱ ነው ቁም ነገሩ፤ አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝቅ ይላል፣ ስናስገባ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ማስወጫውን ማስረዘም ፍሬን መርገጥ ነው። በየቆጠራው መሃል እስትንፋስ ይዞ መቆየት አያስፈልግም።

ከዚያ ስልክ ላይ የ20 ደቂቃ ማንቂያ ሙሉ። ፍላጎት እየጨመረ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ካልተቀሰቀሰ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይበርዳል። አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባሕር ማዕበል ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ባሕር ለሌለን ለእኛ ጀበና ይሻላል። ጀበና ሲገነፍል አፉን መድፈን አያዋጣም፤ ከእሳቱ ከፍ ይደረጋል፣ አረፋው ይወርዳል። በ20 ደቂቃው ውስጥ ከወጥ ቤቱ፣ ወይም መጠጥ ቤቱ ካለበት መንገድ፣ መውጣት ነው ከእሳት ከፍ ማድረግ ማለት። ድስቱ አጠገብ ቆሞ 20 ደቂቃ የሚቆጥር ሰው በ7ኛው ይበላል።

ዘጠኝ ሲካፈል

ነርሷ ስለ ማታው ጽፈዋል፤ እኔ ስለ ቀኑ ልጨምር፣ ምክንያቱም የማታው ነገር የሚጀምረው ምሳ ሲዘለል ነው።

ሰኔ ላይ ብዙ ሰው የሐዋርያትን ጾም ይጾማል፤ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት። ጾሙ ችግር የለውም። ችግሩ 9 ሰዓት ሲደርስ «ይቺን ልጨርስ» ተብሎ እስከ 12 ሰዓት ሲጎተት ነው። ያ ጾም አይደለም፣ የሥራ ብዛት ነው፤ ማታ የሚከፈለውም በወለድ ነው። የምትጾሙ ከሆነ የምትገድፉበትን ሰዓት ካላንደር ላይ እንደ ስብሰባ መዝግቡ። የማትጾሙ ከሆነ ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት፣ እንጀራው ላይ ምስር ወይም ሽሮ ይኑርበት፣ እንጀራ በስልስ ብቻ 10 ሰዓት አይደርስም። 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ታስቦበት የተሰፈረ መክሰስ፦ ሁለት ሲኒ የሽንብራ ቆሎ ወይም ሁለት ሲኒ ንፍሮ፣ አንድ ሙዝ። በሲኒ ስፈሩት፤ ከፌስታሉ በቀጥታ የሚበላ ቆሎ መጨረሻው ፌስታሉ ነው። ይሄ ከውጥረት መብላት አይደለም፣ ከውጥረት መብላትን መከላከያ ነው።

ቡና። የካፌን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ማታ 3 ሰዓት፣ ሩቡ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደማችሁ ውስጥ ነው። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ተብሎ ወጥ ቤት መዞር ይጀመራል። የመጨረሻው ሲኒ 8 ሰዓት ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ እጅ ሲኒ ካልያዘ የማይረጋጋ ሰው ጦስኝ ወይም የዝንጅብል ሻይ ይያዝ፤ ካፌን የላቸውም (ዝንጅብሉ ላይ የሻይ ቅጠል ካልተጨመረ)። ማኪያቶ ወተት ስላለበት ቀላል ነው የሚሉ አሉ፤ ወተቱ ካፌኑን አይቀንሰውም።

ሦስተኛው ነገር ውጥረቱን ከምንጩ መቁረጥ ነው። ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) አልገጥም ሲል የሚመጣው ምጥ ከግማሽ በላይ ከየት እንደሚጀመር ካለማወቅ ነው። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ማስታወሻ ካልኩሌተር አጠገብ፦

ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ ሁለት ዲጂት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። 5,400 መሆን ያለበት 4,500 ከተጻፈ ልዩነቱ 900 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 100። አንድ ዜሮ ከተዘለለም (5,400 ሲሆን 540) ልዩነቱ 4,860 ነው፣ እሱም ለ9 ይካፈላል። ለ2 ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር መዝገቡ ላይ ካለ፣ ዴቢት መሆን የነበረበት ክሬዲት ላይ ተመዝግቦ ይሆናል፤ የ1,300 ልዩነት ከሆነ 650ን ፈልጉ። ሁለቱም ካልሆነ ልዩነቱን እንዳለ ፈልጉት፤ አንዱ ወገን ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆናል። በሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ባላንሱ ራሱ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ይሄ ዘዴ የሚጠቅመው ለባንክ ማስታረቂያና ለቆጠራ ልዩነት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል 25 ደቂቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ወረቀቱን ለጎረቤት ወንበር ስጡ። የራሱን ስሕተት የሚያይ ዓይን የለም፤ ሁለት ሰዓት አፍጥጦ የሚገኝ ነገር የለም፣ ራስ ምታት እንጂ።

ሰባት ወንበር

በጣም እናመሰግናለን፤ የ9 ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ እስትንፋሱን ከሞከሩት ሦስቱ ራስ ማዞርና ጣት መደንዘዝ መጣባቸው፣ ተዉት። ሁለተኛ፣ ወንዶቹ «ድራፍቱን ተው ማለት ጓደኛ ተው ማለት ነው» ብለዋል። ዙር አለ፣ አንዱ ሲገዛ ሌላው መግዛት አለበት። መድኃኒት ላይ ነኝ ይበሉ?

ነጭ ጋውን

ማዞሩ የሚመጣው በጣም በትልቁ ስለሚሳብ ነው። «በረጅሙ ተንፍሱ» ሲባል ሰው ደረቱን እስኪሞላ ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ከልክ በላይ ይወጣል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይቀላል። አደገኛ አይደለም ግን ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ደግሞ ለማብረድ የተነሳንበትን ነገር ራሱን ይጠራዋል። መፍትሔው ዝግ ማለት ብቻ ሳይሆን ማሳነስ ነው፦ እንደተለመደው ያህል አየር፣ በዝግታ። አጠገብ ያለ ሰው ድምፁን መስማት የለበትም። 4 እና 6 ከረዘመ በ3 እና በ4 ጀምሩ፣ ለ2 ደቂቃ። ከሳምንት በኋላ ይረዝማል። አስም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ቁጥሩን ትታ ማስወጫውን ትንሽ ማስረዘም ብቻ ይበቃታል።

ሌላው ስሕተት፣ ውጥረቱ ጣሪያ ሲነካ ብቻ መሞከር ነው። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ቆርቆሮ መምታት ነው ያ። ጠዋት ኮምፒዩተሩ እስኪከፈት ድረስ ያለችውን 2 ደቂቃ ተጠቀሙ፤ ሰውነት ሲረጋጋ የለመደውን ነው ሲረበሽ የሚያገኘው።

እስትንፋስ በጭራሽ የማይስማማው ሰው ይኖራል። ለእሱ ጡንቻ ማጥበቅና ማላላት አለ፤ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው ያሰናዳው፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። ማታ አልጋ ላይ ወይም ወንበር ላይ፣ ከእግር ወደ ላይ፦ የእግር ጣቶችን ወደ ቅልጥም ስቦ 5 ሰከንድ ማጥበቅ፣ ለ20 ሰከንድ መልቀቅ። ከዚያ ጭን፣ መቀመጫ፣ ሆድ፣ ጭብጥ፣ ክንድ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ፣ በመጨረሻ ፊትን ጭምድድ። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፤ በጠቅላላው 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጥንካሬው ከሙሉ ኃይል ሦስት አራተኛ አይበልጥ። ጣትን ወደ ታች አትጠቁሙ፣ ባት ይጨመድዳል፤ ሌሊት ላይ ሰው የሚያስጮኸው እሱ ነው። ስታጠብቁ እስትንፋስ አትያዙ። መንጋጋ አትንከሱ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው በተለይ። ትኩረቱ ማጥበቁ ላይ ሳይሆን ከለቀቁ በኋላ ያለው የ20 ሰከንድ ሙቀትና ክብደት ላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው ያንን ቸኩሎ ይዘለዋል፣ ከዚያ «ምንም አልተሰማኝም» ይላል።

በጣም አጣዳፊ ለሆነ ጊዜ፣ ለምሳሌ አለቃ ጮኾ ስልክ ከዘጋ በኋላ፦ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እጅን ጽዋ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ፣ በተለይ ዓይንና ጉንጭ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ እስትንፋስ ይዞ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ። የልብ ምት ይወርዳል፤ ሰውነት ውሃ ውስጥ የገባ ይመስለዋልና። የአዲስ አበባ የሰኔ ቧንቧ ለዚህ በረዶ አይፈልግም። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲደነግጥ የሚወድቅ ሰው ግን አያድርገው።

ለሴቶቹ አንድ ነገር ከዘጠኝ ሲካፈል ጽሑፍ ላይ ልጨምር፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካፌን ከሰውነቷ ለመውጣት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ለእሷ የ8 ሰዓቱ ቡና ራሱ የማታ ቡና ነው፤ ጠዋት ላይ ትጨርስ።

ዘጠኝ ሲካፈል

ስለ ዙሩ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ለአንድ ምሽት ይሠራል። በሁለተኛው ምን መድኃኒት ይባላል፣ በሦስተኛው ኤች አይ ቪ ነው ወይስ ጨጓራ ተብሎ ከኋላ ይወራል። «እየነዳሁ ነው» ይሻላል፣ መኪና ላለው።

ከውሸት የሚበልጥ ዘዴ አለ። ቀድማችሁ ድረሱና ቀድማችሁ እዘዙ፤ አስተናጋጁ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ የመጀመሪያው ድምፅ «ለእኔ አምቦ ውሃ» ይሁን። ሌላው «ሰባት ጃምቦ» ካለ በኋላ ማስተካከል ነው ክርክር የሚያመጣው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ዙር ራሳችሁ ክፈሉ፣ የራሳችሁን አምቦ ውሃ ጨምሮ። ዙሩን የከፈለ ሰው ዕዳ የለበትም፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሲነሳ «ሸሸ» የሚለው የለም። ሦስተኛ፣ ምን እንደምትሉ ቃል በቃል ጠዋት ወሰኑት። ለምሳሌ፦ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 'እንውጣ' ካሉኝ፣ 'ጆተኒ ሦስት ጨዋታ፣ ከዚያ ወደ ቤት' እላለሁ።» «እንዲህ ሲሆን፣ ይሄን አደርጋለሁ» የሚለው አወሳሰን ፒተር ጎልዊትዘር በሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብዙ የተጠና ነው፤ «ዛሬ አልጠጣም» ከሚለው ባዶ ቃል ይልቅ ሰዓቱና ቦታው ያለበት ይዞ ይቆያል። ጆተኒ፣ ፑል፣ ካራምቡላ፣ ሁሉም ቆሞ የሚደረግ ነው፤ ቆሞ የሚጫወት ሰው እጁ ሥራ አለው፣ ተቀምጦ ብርጭቆ የሚጠብቅ ሰው የለውም።

በአምቦ ውሃ ፋንታ ለስላሳ መጠጥ አትተኩ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ከድራፍቱ ወጥቶ ወደ ብስኩቱ ወገን መግባት ነው።

የምሽት ተረኛ (ሐኪም)

ከላይ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ማንም ያልጠቀሰው ነገር አለ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ብዙ ነው፦ ጫት። ሪፖርት ለመጨረስ ከሰዓት ይቃማል፣ ምርቃና እስከ ማታ፤ ከዚያ ድብርቱ ሲመጣ ለጨብሲ ቢራ። ሌሊት ሲደርስ ቀኑን ሙሉ የተዘጋው ሆድ ተከፍቶ እጥፍ ይበላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው፤ ልብ ያስመታል፣ ረሃብ ያጠፋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። በዚህ ሰንሰለት ላይ ቢራውን መቁረጥ ዋጋ የለውም፣ ነገ ሌላ ጨብሲ ይፈለጋል። መቆረጥ ያለበት ቃሙ ነው። ለሚያቆም ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይበዛል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ቅዠት ይኖራል፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢጀምር ይሻለዋል፣ ሰኔ 28 ላይ አይሁን።

አሁን ዋናው። «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አልቀምስም» ማለት ለሁሉም ሰው ደኅና አይደለም። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አንድ ሲጠጣ የሚቆምለት፣ የሚያልበውና የሚያቅለሸልሸው ሰው በድንገት ካቆመ፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ሊታመም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ ሰው አለመለየት፣ ትኩሳት። ይሄ ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው ክፍላችሁ ውስጥ ካለ በእስትንፋስ አታክሙት፤ ሐኪም ፊት ይቁም። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው። መንፈራገጥ ከጀመረ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ከፋርማሲ የሚገዛ የእንቅልፍ እንክብል ወይም ዲያዜፓም ደግሞ በራስ ትእዛዝ፣ በተለይ በመጠጥ ላይ፣ አይወሰድም፤ ሁለቱ ተደራርበው እስትንፋስ ያቆማሉ።

የትኛው ወገን ላይ እንዳላችሁ ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ስሙ «ኦዲት» ነው፤ አልሳቅኩም። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4፣ ጠቅላላው 40። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ ለጤና አስጊ ነው ማለት ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥገኝነት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል። በሐቀኝነት ይሞላ፤ ይሄኛውን ኦዲት የሚያወራርድለት የለም።

ለሌሊት በሊታዎችም አንድ መስመር፦ በድብቅ፣ እስኪያምም ድረስ፣ መቆም እያቃተ፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር ከቀጠለ፣ ወይም ከበሉ በኋላ ማስመለስ ካለ፣ የሰኔ ነገር አይደለም። እሱም ሕክምና አለው።

የሠራተኛ ጉዳይ

ስለ ጡንቻና ስለ ጦስኝ ተወራ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት መውጣቱንስ ማን ፈቀደው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። የሥራ መሪዎችን አዋጁ አይመለከትም፤ ስለዚህ ጠያቂዋ ኃላፊ ከሆነች ለራሷ አይሠራ ይሆናል፣ ለስድስቱ ግን ይሠራል። በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት ለ6 ቀን ካመሹ 18 ነው፤ ከ12ቱ አልፏል። መዝግቡት። የተመዘገበ ሰዓት ቢያንስ ለአለቃ ሰው ጨምሩልን ለማለት ማስረጃ ይሆናል።

ሰባት ወንበር

ኃላፊ ነኝ፤ ገብቶኛል። የሰዓት መዝገቡ ከነገ ይጀመራል። ያወጣነው ይሄ ነው፣ ያልተስተካከለ ካለ እረሙን፦

ጠዋት 2 ደቂቃ እስትንፋስ፣ በ3 እና በ4። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ የሚጾሙት 9 ሰዓት፣ ሁለቱም ካላንደር ላይ። የመጨረሻ ቡና 8 ሰዓት። 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሲኒ ቆሎ። 11 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ ደረጃ፣ ከምድር እስከ 4ኛ ፎቅ መውጣትና መውረድ፣ ዝናብ ስለማያግደው (ሊፍቱ ለማንኛውም መብራት ሲጠፋ አይሠራም)። ማታ ቤት ከእራት በኋላ ወጥ ቤት መብራቱ ይጠፋል፣ የሽሮ ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ። አልጋ ላይ ጡንቻ። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ሥራ የሚመጣው ሐሳብ ግን ቀርቷል፤ ለእሱ ምን ይደረግ?

ነጭ ጋውን

ለሐሳቡ የራሱ ሰዓት ስጡት። ከደረጃው መልስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወንበር፣ 15 ደቂቃ። አንድ ወረቀት መሃሉ ላይ ይሰመር፤ በግራ በኩል ልታደርጉት የምትችሉት፣ በቀኝ በኩል ከእጃችሁ ውጭ የሆነው። በግራ ላለው እያንዳንዱ ነገር ነገ የሚደረግ አንድ እርምጃ፣ ከነሰዓቱ፦ «የመጋዘን ልዩነት፦ ነገ 3 ሰዓት የዕቃ ኃላፊውን መጠየቅ።» በቀኝ ላለው ምንም አይጻፍበትም፣ ስሙ ብቻ። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ «ወረቀት ላይ ነህ» ብሎ ወደ ነገ 11 ሰዓት ተኩል መቅጠር። አዲስ ከሆነ አልጋ አጠገብ ብጣሽ ወረቀት፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ መተኛት። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ስልኩ ሲበራ ቴሌግራምም ይበራል። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ (ሰዓት አታፍጥጡበት) ተነሡና ሳሎን፣ ደብዛዛ መብራት፣ የሚሰለች ነገር አንብቡ፤ ሲያንቀላፋችሁ ተመለሱ። ወጥ ቤት አይደለም፣ ሳሎን።

ደረጃው ላይ አንድ እርማት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወንበር ላይ የከረመ ሰው 10 ደቂቃ ሳያርፍ ከወጣ ልቡ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ያንን ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። መለኪያው ማውራት እየቻሉ መዝፈን አለመቻል ነው። ማውራት ካቃተ በየፎቁ 20 ሰከንድ ቁሙ። ደረት የሚጫነው ሰው ካለ ደረጃውን ትቶ ሐኪም ይታይ። ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነውና መደገፊያውን ይዛችሁ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ የምታደርጉት ጠረጴዛ ሥር አንድ ነጠላ ጫማ አስቀምጡ።

ሰባት ወንበር

ነጠላ ጫማው የአራቱ ወንበር ሥር ገብቷል። ወረቀቱ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ አንዱ ልጅ ግራውን ዴቢት፣ ቀኙን ክሬዲት ብሎ ጽፎበታል፣ እኩል ይግጠም ወይ እያለ ነው።

ዘጠኝ ሲካፈል

ካልገጠመው ለ9 ያካፍለው።